በአንዲት ልጅ መታሰቢያ የተረፉ እናቶች

በአገራችን አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ገንፎ እየበላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። በወንጌላውያን ቤት ደግሞ «እንኳን ጌታ ማረሽ» ይባላል። አነጋገሩ ቢለያይም የሁለቱም ቃል አንድ ነው፤ ይኸውም «ተማርሽ፣ ከሞት አመለጥሽ» ማለት ነው። ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለአዲስ ቤት «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚለው ሕዝብ ለወሊድ ሲሆን ስለ ምሕረት የሚናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። አያቶቻችን ምሕረቱ ያልደረሳቸውን ብዙ ሴቶች ሲቀብሩ ስለኖሩ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ልጅ የሞተባቸው ወላጆች በየጊዜው የሚያቀርቡልን ጥያቄ ነው። «በልጃችን ስም አንድ ነገር መሥራት እንፈልጋለን፤ ምን ብንሠራ ይሻላል?» ይሉናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሐዘን የደረሰበት ሰው እጁ አይሰስትም፤ ድንኳን ይጥላል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል፣ በመቃብሩ ላይ ሐውልት ያቆማል። ይህን የሚያደርገው ልጁ እንዳትረሳ ነው። ነገር ግን ለቀስተኛው ይበተናል፤ በድንጋይ ላይ የተቀረጸውም ስም ከጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። ታዲያ ሳይደበዝዝ የሚኖር መታሰቢያ ምን ዓይነት ነው?

መልሱን ከራሳችን ከምናፈልቅ ይልቅ በገዛ አገራችን በእርግጥ የሆነ አንድ ታሪክ ብናካፍላችሁ ይሻላል ብለን አስበናል። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውሳለን።

ልዕልቲቱ ነርስ

ልዕልት ፀሐይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ከወላጆቻቸው ጋር ተሰደው እንግሊዝ አገር ገቡ። በስደት የሚኖር የንጉሥ ልጅ ምን ይሠራል ቢባል ብዙ ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ መልካም ቀንን ይጠባበቃል ይል ይሆናል። እኚህ ወጣት ግን ለንደን ወደሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተማሩ።

በዚያ ዘመን የነርስ ተማሪ ኑሮ የምቾት ኑሮ አልነበረም። አልጋ ማንጠፍ፣ ሕመምተኛ ማጠብ፣ የሌሊት ተራ መግባት የተማሪዋ ድርሻ ነበር። ልዕልት ፀሐይ እ.ኤ.አ. በ1939 የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመዘገቡ፤ ቀጥሎም በዚያው በለንደን በጋይስ ሆስፒታል የአዋቂዎችን ሕክምና ለመማር ገቡ። ወዲያው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ። በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነፃ ስትወጣ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። የተማሩትን ይዘው ለወገናቸው የሕክምና አገልግሎት ማስፋፋት ዋና ምኞታቸው ነበር።

በሚያዝያ ወር 1934 ዓ.ም. ኮሎኔል አቢይ አበበን አግብተው ባለቤታቸው ወደ ተሾሙበት ወደ ወለጋ ሄዱ። ነቀምት ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በክረምቱ መካከል፣ በእርግዝና ምክንያት በመጣ ጠንቅ እዚያው ነቀምት ላይ ዐረፉ። ከተጋቡ አራት ወር አልሞላም ነበር። ዕድሜያቸውም ገና ሃያ ሦስት አልደፈነም።

እስቲ ይህን ነገር ቆም ብለን እንመልከተው። እኚህ ሴት የንጉሠ ነገሥት ልጅ ነበሩ። ባለቤታቸው የአገሩ ገዥ ነበር። ከሁሉም በላይ ራሳቸው የሠለጠኑ ነርስ ስለነበሩ የሕመምን ምልክት ከብዙ ሰው ይበልጥ ያውቁ ነበር። ሀብት፣ ሥልጣንና ዕውቀት በአንድ ቤት ተገናኝተው ነበር ማለት ነው። ሆኖም ሦስቱም ተደምረው አንዲትን ነፍሰ ጡር ሴት ማዳን አልቻሉም። በጠቅላላው አገር ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩበት፣ የደም ባንክ የሚባል ነገር ያልነበረበት ዘመን ነበርና። የንጉሥ ልጅ ካልዳነች ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም ምጥ የሚይዛት የገበሬ ሚስት እንዴት ትድን ኖሯል?

ሐዘን ወደ ሥራ ሲለወጥ

የልዕልቲቱ ሞት ወሬ እንግሊዝ አገር ሲደርስ ብዙ ወዳጆቻቸው አዘኑ። ከእነዚህም አንዷ ሚስ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ነበሩ። ሚስ ፓንክኸርስት በአገራቸው ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ የታገሉ፣ ለዚህም ብዙ ጊዜ የታሰሩ ሴት ናቸው። ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ለአገራችን የሚከራከር ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1936 አቋቁመው ለዓመታት አዘጋጅተዋል።

ሚስ ፓንክኸርስትና ባልንጀሮቻቸው በልዕልቲቱ ስም የመታሰቢያ ሆስፒታል ማሠሪያ ገንዘብ የሚያሰባስብ ማኅበር አቋቋሙ። ጊዜውን ልብ በሉ። የእንግሊዝ ሕዝብ ራሱ በጦርነት ላይ ነበር፤ ከተሞቹ በቦምብ ተደብድበዋል፤ እንጀራው በመለኪያ የሚሰፈርለት ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ችግሩ ወዲያው አልተቃለለም። እንዲህም ሆኖ አይተውት ለማያውቁት አገር፣ ሲወልዱ ለሚሞቱ ሴቶች ብለው የሰጡ ሰዎች ተገኙ። በእነርሱና በአገር ውስጥ በተደረገው ጥረት ልዕልቲቱ ከሞቱ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ሆስፒታሉ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ።

መሥራቾቹ ሕንፃውን ብቻ ሠርተው አልተዉትም። ከሆስፒታሉ ጋር የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በእኛ አስተያየት ከሥራው ሁሉ ብልኅ የነበረው ይህ ነው። አልጋ የሚያገለግለው በላዩ የተኛውን ሕመምተኛ ነው፤ የሠለጠነች ነርስ ግን የትም ብትሄድ ሆስፒታሉን በእጇ ይዛ ትሄዳለች።

ሚስ ፓንክኸርስት ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1956 መጥተው በአዲስ አበባ ተቀመጡ። በመስከረም 1953 ዓ.ም. ሲሞቱም አስከሬናቸው በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ዐረፈ።

እናት በወሊድ ለምን ትሞታለች?

የመታሰቢያ ሆስፒታሉ ያፈራውን ሥራ ለመረዳት እናት በወሊድ የምትሞትበትን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል። ከምክንያቶቹ ሁለቱን እንጥቀስ።

የመጀመሪያው የደም መፍሰስ ነው። ሕፃኑ ተወልዶ የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ማኅፀን እንደ ጨበጡት እጅ መኮማተር አለበት። ሲኮማተር የተከፈቱት የደም ሥሮች ይታነቃሉ። ካልተኮማተረ ግን ደሙ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ይፈስሳል። ጤነኛ የነበረች ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ይህን ለመከላከል ኦክሲቶሲን የሚባል መርፌ ሕፃኑ እንደተወለደ ይሰጣል፤ አዋላጇም ማኅፀኑን በእጇ ታሻለች። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ ግን ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ በሰዓቱም መርፌውን የምትወጋ የሠለጠነች ሰው አጠገቧ መገኘት አለባት።

ሁለተኛው ምጥ ተጣብቆ መቅረቱ ነው። የሕፃኑ ራስ ከእናቲቱ የዳሌ አጥንት ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር ወይም ሕፃኑ ተጋድሞ ሲመጣ ምጡ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይቆያል። በቀዶ ሕክምና ካልተረዳች እናቲቱ ልትሞት ትችላለች። ብትተርፍም ሌላ መከራ ሊጠብቃት ይችላል። ለቀናት የቆየው የሕፃኑ ራስ የሽንት ፊኛዋን ከአጥንት ጋር አጣብቆ ስለሚይዘው ደም ወደዚያ ሥጋ መድረስ ያቆማል። ደም ያላገኘው ሥጋ ይሞታል፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ተበጥሶ ይወድቅና ቀዳዳ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሽንቷ፣ አንዳንዴም ዓይነ ምድሯ፣ ሌሊትና ቀን ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ይህ ነው ፊስቱላ የሚባለው ጉዳት። አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑ ሞቶ ይወለዳል። ስለዚህ ልጇን ቀብራ፣ ልብሷ ረጥቦ፣ ሽታዋን ፈርታ ከሰው የምትሸሽ ወጣት ሴት ትቀራለች። ባል ይተዋታል፤ ከገበያ፣ ከለቅሶ ቤት፣ ከጸሎት ቦታም ትርቃለች። ብዙዎቹም ሕመሙ ርግማን ይመስላቸዋል እንጂ ሐኪም የሚያድነው ቁስል መሆኑን አያውቁም።

ሰሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት እናቶችን የሚገድሉትን መዘግየቶች በሦስት ከፈሏቸው። አንደኛው በቤት ውስጥ ነው፤ «ትንሽ እንጠብቅ፣ ባል ይምጣ፣ ሽማግሌ ይምከር» እየተባለ ውሳኔው ይዘገያል። ሁለተኛው በመንገድ ላይ ነው፤ ቃሬዛ ተሸክሞ ወንዝ መሻገር፣ መኪና መጠበቅ። ሦስተኛው ሐኪም ቤት ከተደረሰ በኋላ ነው፤ ሐኪሙ የለም፣ ደም የለም፣ መብራት ጠፍቷል ይባላል። በመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቃት ራሔልም ልጇን ስትወልድ የሞተችው በመንገድ ላይ ነበር። ያዕቆብ በመቃብሯ ላይ ሐውልት አቆመላት። ዛሬ ግን የምንጠየቀው ሐውልት እንድናቆም ሳይሆን መንገዱን እንድናሳጥር ነው።

በማስታወቂያ የመጡት ባልና ሚስት

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። በአዲስ አበባ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም የማኅፀን ሐኪም ይፈለጋል የሚል ነበር። ለጥሪው መልስ የሰጡት ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ናቸው። እርሳቸው የኒውዚላንድ፣ እርሷ የአውስትራሊያ ተወላጆች ሲሆኑ ሁለቱም የማኅፀን ሐኪሞችና አማኝ ክርስቲያኖች ነበሩ። በ1951 ዓ.ም. ትንሹን ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ውላቸው ለሦስት ዓመት ነበር።

የመጡት አዋላጅ ለማሠልጠን ነው። ያገኙት ግን ከዚህ በፊት አይተውት የማያውቁትን ሕመም ነው። ፊስቱላ በእነርሱ አገር ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። እዚህ ግን ከሩቅ ገጠር በእግራቸው፣ በአህያ ጀርባ እየመጡ በር ላይ የሚቀመጡ፣ ልብሳቸው የረጠበ፣ ቀና ብለው ሰው የማያዩ ወጣት ሴቶች አገኟቸው። ሐኪሞቹ ስለ ቀዶ ሕክምናው የተጻፈውን ሁሉ አንብበው መሥራት ጀመሩ። አንዷ ድና ወደ አገሯ ስትመለስ ሌሎቹ ሰምተው መጡ። በሆስፒታሉ ግቢ የእነዚህ ሕሙማን ማረፊያ ቢሠራም ቦታው አልበቃም። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1974 ለዚህ ሕመም ብቻ የሚያገለግለው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ተከፈተ።

የሦስት ዓመቱ ውል የዕድሜ ልክ ሆነ። ዶክተር ሬጂናልድ በ1985 ዓ.ም. ዐረፉ። ዶክተር ካትሪን መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው በአዲስ አበባ ቤታቸው እስኪያርፉ ድረስ ሥራው አልተቋረጠም። በሆስፒታሉና በኋላም በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ በተከፈቱት ቅርንጫፎች ከ60,000 የሚበልጡ ሴቶች ታክመዋል። ሕክምናው በነፃ ነው። የዳነችውም ሴት አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ የመሳፈሪያ ገንዘብ ይዛ ወደ አገሯ እንድትመለስ ይደረጋል። ረጥባ የመጣችው ሴት በደረቅ አዲስ ልብስ ወደ መንደሯ ስትገባ ለሚያያት ሁሉ መናገር የሚያስፈልጋት ነገር የለም፤ ቀሚሷ ይናገርላታል።

ሕመምተኛዋ ሐኪም ስትሆን

ከሐምሊኖች ሕሙማን መካከል ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ አንዷ ናቸው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሳሉ ለቀናት አምጠው፣ ሕፃኑ ሞቶባቸው፣ በከባድ ፊስቱላ ተጎድተው ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጡ። ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና አስፈለጋቸው። በዚህ ጊዜ ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር። እዚያው እየቆዩ አልጋ ማንጠፍ፣ ሌሎችን ሕሙማን መርዳት ጀመሩ፤ ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል ያዙ። እጃቸው የተሰጠ፣ ዓይናቸው የማይስት መሆኑን ሐኪሞቹ ባዩ ጊዜ ጥቂት በጥቂት ቀዶ ሕክምናውን አስተማሯቸው። ከጊዜ በኋላ ከውጭ አገር የሚመጡ ሐኪሞችን ሳይቀር የሚያሠለጥኑ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 በለንደን የሚገኘው የንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለሁለቱ ሐምሊኖች የወርቅ ሜዳሊያ ሲሸልም ወይዘሮ ማሚቱም አብረው ተሸልመዋል።

ይህን የምንነግራችሁ ታሪኩ አስደናቂ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በመታሰቢያው ሆስፒታል በር ተሸክመው ያስገቧት ሴት ሌሎችን የምታድን ሴት ሆና መውጣቷ የእውነተኛ ርዳታ መለኪያ ስለሆነ ነው። የሚረዳን ሰው ተቀባይ ብቻ አድርጎ የሚያስቀር ሥራ ግማሽ ሥራ ነው።

ስሙ ተለወጠ

አሁን ወላጆች ወደሚጠይቁን ጥያቄ እንመለስ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ዛሬ በዚያ ስም አይጠራም። እ.ኤ.አ. ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። ዛሬ በዚያ አካባቢ በታክሲ የሚያልፉ ወጣቶች ሰፈሩን «ጦር ኃይሎች» ይሉታል እንጂ ቦታው በአንድ ወቅት የማን መታሰቢያ እንደነበር ብዙዎቹ አያውቁም።

ታዲያ መታሰቢያው ጠፋ እንበል? ስሙን ከበሩ ላይ ብቻ ብንፈልግ አዎን፣ ጠፍቷል። ነገር ግን ሰንሰለቱን እንከተለው። ልዕልቲቱ ባይሞቱ የመታሰቢያ ሆስፒታሉ በስማቸው ባልተሠራ። ሆስፒታሉ ባይኖር ማስታወቂያው ባልወጣ። ማስታወቂያው ባይወጣ ሐምሊኖች ባልመጡ። እነርሱ ባይመጡ ወይዘሮ ማሚቱ ምናልባት በአንድ ጎጆ ጥግ በቀሩ ነበር፤ 60,000ዎቹም እንዲሁ።

ሰንሰለቱ በዚህ አልተቆረጠም። ሐምሊኖች በ1951 ዓ.ም. የመጡበት ዋና ዓላማ፣ አዋላጆችን ማሠልጠን፣ በዚያን ጊዜ እንደታሰበው ሳይስፋፋ ቀርቶ ነበር። ዶክተር ካትሪን ግን አልረሱትም። ከብዙ ሺህ ቀዶ ሕክምና በኋላ የተረዱት ነገር ቀዳዳ መድፈን ብቻ እንደማይበቃ ነው፤ ቀዳዳው እንዳይፈጠር በምጡ ሰዓት አጠገቧ አዋላጅ መኖር አለባት። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2007 የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ወጣት ሴቶች ከገጠር ተመልምለው በዲግሪ ይሠለጥናሉ፤ ከዚያም ወደ መጡበት አካባቢ ተመልሰው ያገለግላሉ። ነርሲቱ ልዕልት ከሞቱ ከስድሳ አምስት ዓመት በኋላ፣ ስማቸው ከበሩ ከወረደ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ሥራው ገና እያፈራ ነበር ማለት ነው።

ዛሬስ?

ከልዕልቲቱ ዘመን ጋር ስናነጻጽረው ብዙ ነገር ተሻሽሏል። በአገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች በ2000 ከመቶ አምስት ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ደግሞ ከመቶ 48 ሆነዋል። ለዚህ ትልቅ ድርሻ ያላቸው ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው።

ይሁን እንጂ ከመቶ 48 ማለት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገና በቤታቸው ይወልዱ ነበር ማለት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን አገራችን በተደረገው ጦርነትም ብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል። መንገድ ሲዘጋና አምቡላንስ ሲጠፋ ያች በምጥ የተያዘች ሴት ወደ አያቷ ዘመን ትመለሳለች።

በአነስተኛ ወጪ ሊሠራ ስለሚችል አንድ ነገር እንጨምር። በወልቂጤ አጠገብ የሚገኘው የአጣት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የእናቶች ማቆያ ቤት ከፈተ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቤቷ የራቀ ወይም ወሊዷ ያሠጋል የተባለች ነፍሰ ጡር ቀኗ ሳይደርስ ትመጣና በሆስፒታሉ አጠገብ በተሠራ ቤት ትቀመጣለች። ምጥ ሲይዛት የሚቀራት ጥቂት እርምጃ ነው። ከ1987 እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) የተያዘው መዝገብ ተጠንቶ ሲታይ ከማቆያው ቤት ገብተው ከወለዱት መካከል የሞቱት እናቶች ለ100,000 ወሊድ በ90 የሚገመቱ ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን 1,333 ገደማ ነበሩ። እርግጥ ነው፣ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከከፋ በኋላ የደረሱ ስለሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ቤት ውጤት ነው ማለት አይቻልም። ግን ነገሩ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ የሚገድለው አረፍዶ መድረስ ነው።

በልጃችሁ ስም ለምታስቡ

እንግዲህ «ምን ብንሠራ ይሻላል?» ላላችሁን ወላጆች ከዚህ ታሪክ የተማርነውን በአጭሩ እንመልስላችሁ።

አንደኛ፣ ከግድግዳ በፊት ሰውን አስቡ። ስም የተጻፈበት ሕንፃ ቆሞ በውስጡ መድኃኒትና ሠራተኛ ከሌለ ለሟች ክብር አይሆንም። አንዲት የገጠር ልጅ አዋላጅነት ተምራ ወደ አገሯ ብትመለስ ግን የዕድሜ ልክ አገልግሎት ነው።

ሁለተኛ፣ የመክፈቻውን ቀን ብቻ ሳይሆን ዐሥረኛውን ዓመት አስቡ። ደመወዙን ማን ይከፍላል? መድኃኒቱን የሚያቀዘቅዘው ፍሪጅ ሲበላሽ ማን ያሠራዋል? ሥራው ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ጋር ተያይዞ ካልታቀደ ሰጪው ሲደክም አብሮ ይደክማል።

ሦስተኛ፣ ትንሽ መስሎ የሚታየውን አትናቁ። ለማቆያ ቤት ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ እናቲቱ ስትቆይ የምትበላው እህል፣ የመሳፈሪያ ገንዘብ፣ እነዚህ ሁሉ ከሦስቱ መዘግየቶች አንዱን ያሳጥራሉ።

አራተኛው ለመናገር የሚከብደን ነው፤ ግን መናገር አለብን። አንድ ቀን የልጃችሁ ስም ከበሩ ላይ ሊወርድ ይችላል። መንግሥት ይለወጣል፣ ሕንፃ ይታደሳል፣ የሚያውቋት ሰዎች ያልፋሉ። ያን ጊዜም ቢሆን በዚያ በር ገብታ በሕይወት የወጣች እናት ልጅ ታሳድጋለች፤ ልጇም ልጅ ትወልዳለች። እነዚያ ሰዎች የልጃችሁን ስም ሳያውቁ በልጃችሁ ምክንያት ይኖራሉ። መታሰቢያው ያ ነው።

ውድ ደጋፊዎቻችን፤ በሚቀጥለው ጊዜ አራስ ስትጠይቁና «እንኳን ማረሽ» ስትሉ ያንን ቃል በልባችሁ አቆዩት። ምሕረት ከእግዚአብሔር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ግን በአንዲት የሠለጠነች አዋላጅ እጅ ነው። እርሷም በሰዓቱ እንድትገኝ አስቀድሞ ያሰበና የከፈለ ሰው ያስፈልጋል። ሐዘናችሁን ለዚህ ሥራ ያዋላችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ያጽናናችሁ።